ሞዴሉ ወንዙን አይተካም
ስለ ኮምፒዩተር የውሃ ሞዴሎች ጥቅምና ፈተና

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየዓመቱ ከአገራችን ለትምህርት ወደ ውጭ ከሚወጡት ወንድሞችና እኅቶች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል የሚያጠኑት ከውሃ ጋር የተያያዘ ሙያ ነው። አንዱ መስኖ፣ ሌላው ሲቪል ምሕንድስና፣ ሌላው የአፈር ሳይንስ፣ ሌላው ጂኦግራፊ ቢልም የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ሆኖ ይገኛል፤ የግልገል ዓባይ፣ የጉማራ፣ የአዋሽ ወይም የባሮ ፍሰት በኮምፒዩተር ሞዴል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። በባዕድ አገር ተቀምጦ ስለ አገር ወንዝ ማሰብ የአንድ ተማሪ ግዴታም ክብርም ነው። ሆኖም ግን አንድ ጥያቄ በመካከላችን በግልጽ ሳይነሳ ቆይቷል። እርሱም የምናሰላውን ነገር በእርግጥ እናውቀዋለን ወይ? የሚለው ነው።

ጥያቄውን የምናነሣው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። በጥናት ክበባችን ከእኛው አንዱ የአንድ የጎጃም ወንዝ ሞዴል ሠርቶ አቅርቦ ነበር። የተለካው ፍሰትና የተሰላው ፍሰት በአንድ ወረቀት ላይ ተደራርበው ሲታዩ አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸግር ስለነበር ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ ተወልዳ ያደገች እኅታችን ካርታውን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ካርታው ጎርፉ በብዛት የሚመነጨው በተራራው ወገብ ላይ ካለው እርሻ እንደሆነ፣ ከግርጌ ያለው የግጦሽ ጨፌ ግን ከሁሉ ያነሰ ጎርፍ እንደሚሰጥ ያመለክት ነበር። «በነሐሴ እዚያ ጨፌ ላይ እኮ ከብት ይሰጥማል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ይሄዳል ብለህ ነው?» አለችው። መልስ የሰጠ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ዝምታ ነው።

ሀ) ሞዴሉ ምንድን ነው?

የውሃ ሞዴል ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ያለፈውን ዝናብና ያለፈውን ፍሰት አስተያይቶ መጪውን ይገምታል እንጂ በመካከሉ ምን እንደተደረገ አይጠይቅም። እዚህ የምንነጋገርበት ግን በሂደት ላይ የተመሠረተ የሚባለው ዓይነት ነው። ይኸኛው የዝናቡን ውሃ ከወረደበት ጀምሮ ይከተለዋል። ምን ያህሉ በቅጠል ላይ እንደቀረ፣ ምን ያህሉ ወደ አፈር እንደሰረገ፣ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደተነነ፣ ምን ያህሉ በከርሰ ምድር አድርጎ ወደ ወንዙ እንደወጣ፣ ምን ያህሉም በገጸ ምድር እንደጎረፈ እያንዳንዱን በየሕጉ ሊያሰላ ይሞክራል።

ሕጎቹ የቆዩ ናቸው። ፈረንሳዊው አንሪ ዳርሲ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ያወጣው በ1856 ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ሴን ቬናን በወንዝ ውስጥ የሚጓዝ ማዕበልን በ1871፣ አሜሪካዊው ሪቻርድስ ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ የሚንቀሳቀስበትን በ1931፣ እንግሊዛዊው ፔንማን ደግሞ ትነትን በ1948 በስሌት ቀምረዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገመድ አያይዞ በኮምፒዩተር ማስኬድ እንደሚቻል ፍሪዝና ሃርላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ንድፉን ያወጡት በ1969 ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ኮምፒዩተር ሸክሙን የሚችል አልነበረም። ቆይቶ የዴንማርክ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተቋሞች በኅብረት የአውሮፓ የሃይድሮሎጂ ሥርዓት የተሰኘውን ሞዴል ሠሩ፤ ስለ እርሱም በ1986 ጽፈው አሳተሙ። ዛሬ ያን የመሰለ ስሌት አንድ ተማሪ በማደሪያ ክፍሉ፣ በጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ኮምፒዩተር ያካሂደዋል። ስሌቱ የቀለለውን ያህል ዕውቀቱ የቀለለ መስሎ የሚታየንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ለ) ጥቅሙን አንክድም

ከመንቀፋችን በፊት ጥቅሙን በሚገባ መመዘን አለብን። ሞዴልን በጅምላ የሚያጥላላ ሰው ወንዙን የሚያውቅ ሰው አይደለም።

አንደኛ፣ ወንዝ እንደ ላቦራቶሪ ብልቃጥ ሁለት ጊዜ አይሞከርም። የጉማራ ተፋሰስ በደን ቢሸፈን፣ ወይም ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ ቢጨምር ፍሰቱ ምን ይሆናል? ብሎ መሬቱን መሞከሪያ ማድረግ አይቻልም። «እንዲህ ቢሆንስ?» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የሚሞክር መሣሪያ ቢኖር የሂደት ሞዴል ነው።

ሁለተኛ፣ የሰው ሕይወት አለበት። በነሐሴ 2006 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር ኦሞ ከአፉ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው ከተማው ሳይዘንብበት ከላይ ካለው ተራራ ነው። በተራራው ላይ የወረደውን ዝናብ አይቶ ውሃው ከተማ የሚደርስበትን ሰዓት የሚናገር ሞዴል፣ ከመለኪያና ከማስጠንቀቂያ ደወል ጋር ከተያያዘ፣ እንቅልፍ ላይ ላለ ቤተሰብ የሁለት ሰዓት ዕድሜ ይሰጣል። የሁለት ሰዓት ዕድሜ ደግሞ ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ድርድር አለ። የዓባይን ጉዳይ ሁላችንም እናውቀዋለን። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ጥቁር ዓባይ ወደ ሱዳን ይዞት የሚገባው ውሃ ደግሞ በአማካይ በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ሐይቁ የአንድ ዓመት ተኩል ያህል ፍሰት ነው ማለት ነው። ሙሌቱ በ2020 ተጀምሮ ግድቡ በመስከረም 2025 እስኪመረቅ ድረስ በሦስቱ አገሮች መካከል የተደረገው ክርክር በአብዛኛው በቁጥር ላይ ያረፈ ነበር፤ በስንት ዓመት ይሞላ? በድርቅ ዓመት ምን ያህል ይለቀቅ? ድርቅ ማለትስ ራሱ ምን ያህል ነው? የግድብ ሒሳብ የሚሠራው ሞዴል ሌላ ዓይነት ቢሆንም፣ ወደ ግድቡ ይገባል የሚለውን ውሃ የሚያገኘው ከወንዝ ልኬትና ከዝናብ ወደ ፍሰት ከሚያሰሉት ሞዴሎች ነው። በድርድር ጠረጴዛ ላይ የራሱ ቁጥር የሌለው ወገን የሌላውን ቁጥር ተቀብሎ ይነሣል።

አራተኛና ምናልባትም ትልቁ ጥቅም፣ ሞዴል አለማወቃችንን ያሳየናል። ሐሳባችንን በጥርት እንድንጽፍ ያስገድደናል። ያ ሐሳብ ከወንዙ ጋር ሳይስማማ ሲቀር አንድ የተሳሳትነው ነገር እንዳለ እናውቃለን። በሐቀኝነት የወደቀ ሞዴል በማታለል ካለፈው ይበልጥ ያስተምራል።

ሐ) ፈተናው ከየት ይመጣል?

ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው። አራት ነጥቦችን እንመልከት።

፩. የመጠን ችግር። ዳርሲ ሕጉን ያገኘው በቱቦ ውስጥ በሞላው አሸዋ ነው። ሞዴሉ ግን ተፋሰሱን ወደ ትልልቅ ክፍሎች ሸንሽኖ፣ አንዳንዴ አንዱን ኮረብታ በሙሉ እንደ አንድ ቱቦ ቆጥሮ ሕጉን ይጭንበታል። በእውነተኛው ኮረብታ ውስጥ የምስጥ ጉድጓድ፣ የበሰበሰ ሥር የተወው ቀዳዳ፣ በመረሬ አፈር ላይ በበጋ የሚከፈት ስንጥቅ፣ በበሬ የተረገጠ ጠንካራ ወለል አለ። ውሃው የሚያልፈው በዚያ ነው። እንግሊዛዊው የሃይድሮሎጂ ሊቅ ኪት ቤቨን በ1989 ባወጣው ጽሑፍ እነዚህ ሞዴሎች በተፈጥሮ ሕግ ላይ የቆሙ ይባሉ እንጂ በዚያ መጠን ሲሠራባቸው በአማካይ ቁጥር የሚኖሩ ግምቶች እንደሆኑ ተከራክሯል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

፪. የብዙ መልስ ችግር። በአንድ ሞዴል ውስጥ በቀጥታ ያልተለኩ፣ እኛ የምንመርጣቸው ብዙ ቁጥሮች አሉ። የተሰላው ከተለካው ጋር እስኪገጥም ድረስ እነዚህን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን፤ ካሊብሬሽን የሚባለው ይኸው ነው። ጉዳዩ ግን አንድ የቁጥር ስብስብ ብቻ አለመግጠሙ ነው። እጅግ የተለያዩ ስብስቦች አንድ ዓይነት ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ። በአንዱ መሠረት የወንዙ ውሃ ከከርሰ ምድር ነው፤ በሌላው መሠረት ከገጸ ምድር ጎርፍ ነው፤ ሁለቱም በወንዙ አፍ ላይ እኩል ይገጥማሉ። ለሰኞ ትንበያ ልዩነት የለውም ይባል ይሆናል። ደን ቢተከል ወይም ጉድጓድ ቢቆፈር ምን ይሆናል? ለሚለው ግን ሁለቱ ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ። የሂደት ሞዴል የሚፈለገው ለዚሁ ጥያቄ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

፫. የልኬት ችግር። «የተለካው ፍሰት» የምንለው ራሱ ምንድን ነው? አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ ወደ ወንዙ ወርዶ በውሃው ውስጥ በቆመው ባለቁጥር ዘንግ ላይ የውሃውን ከፍታ ያነባል። ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው ቀደም ብሎ በተሠራ የከፍታና የፍሰት መስመር ነው። ያን መስመር ለመሥራት ወንዙ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ ደግሞ የሚገባ የለም። ስለዚህ ትልልቆቹ የጎርፍ ቁጥሮች በአብዛኛው መስመሩን ወደ ላይ በመሳብ የተገኙ ናቸው። በትንሽ ተፋሰስ ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ሲያልፍ የጠዋቱ ንባብ ጨርሶ አያየውም። የዝናቡም ነገር እንዲሁ ነው፤ የክረምት ዝናብ በአንድ ተራራ ወዲህ ማዶ ጥሎ ወዲያ ማዶ ላይጥል ይችላል፤ ለሰፊ ወረዳ የቆመው መለኪያ ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳተላይቱ ይረዳል፤ ቢሆንም የሚያየው ደመናውን ነው እንጂ በመሬት ላይ ያረፈውን ውሃ አይደለም። ጦርነት ባለበት ቀበሌ ደግሞ ለኪው ወደ ወንዙ አይወርድም። ሞዴሉ የሚኖረው በዚህ ሰው ጉልበት መሆኑን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን?

፬. የመመዘኛ ችግር። ብዙዎቻችን ሞዴላችን ጥሩ መሆኑን የምናሳየው ናሽና ሰትክሊፍ በ1970 ባወጡት መመዘኛ ነው። መመዘኛው ሞዴሉን የሚያወዳድረው ለቀኑ ሁሉ አማካዩን ፍሰት ብቻ ከሚናገር ሰው ጋር ነው፤ ከዚያ ሰው ካልተሻለ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች፣ ፍጹም ከሆነ 1 ያገኛል። ልብ እንበል! በአገራችን ደጋ ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይቀጥናል። ይህን አማካይ ለማሸነፍ የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ብቻ ይበቃል። በነሐሴ ብዙ፣ በየካቲት ጥቂት ብሎ የሚናገር ገበሬ ያለ ኮምፒዩተር ጥሩ ነጥብ ያገኛል። እንግዲያው 0.75 አገኘሁ የሚል ተማሪ አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያው ብቻውን ስንት ያገኝ እንደነበር ሊነግረን ይገባል።

መ) የደረቅ አገር ትምህርትና የደጋው ውሃ

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን የተማርነውን ሂደት ያለ ቦታው መውሰዳችን ነው። በዚህ በመካከለኛው ምሥራቅ የምንማር ሰዎች ለጉዳዩ በተለይ ቅርብ ነን።

ዝናብ ወደ ጎርፍ የሚለወጥበት መንገድ ቢያንስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዝናቡ ከአፈሩ የመጠጣት ፍጥነት በላይ ሲፈጥን ነው። አፈሩ ከሥር ደረቅ ሆኖ እያለ ውሃው ከላይ ይጎርፋል። ይህን ያስተማረው አሜሪካዊው ሆርተን ሲሆን ትንታኔውን ያወጣው በ1933 ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን በዓይናችን እናየዋለን። በኔጌቭ በረሃ የመሬቱ ገጽ ዝናብ ሲነካው ይደፈንና የግማሽ ሰዓት ዝናብ ደረቁን ሸለቆ ወንዝ ያደርገዋል። የጥንት ናባታውያን በዓመት 100 ሚሊሜትር በማይሞላ ዝናብ እህልና ወይን ማብቀል የቻሉት ይህን ስለተረዱ ነው፤ ከኮረብታው የሚጎርፈውን እየሰበሰቡ በግርጌ ወዳለው በእርከን ወደታጠረ ማሳቸው ይመሩት ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። አፈሩ ዝናቡን ሁሉ ይጠጣል፤ ውሃው በአፈር ውስጥ ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ የግርጌው መሬት ከሥር ወደ ላይ ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ የሚጥለው ዝናብ፣ ካፊያም ቢሆን፣ መግቢያ አጥቶ ይጎርፋል። ደንና ብላክ ይህን በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት በሜዳ ልኬት ያሳዩት በ1970 ነው።

የእኛ ደጋ የትኛው ነው? ይህን የምንመልሰው በግምት አይደለም፤ በአገራችን ውስጥ የተለካ ማስረጃ አለ። ከ1981 ጀምሮ በኢትዮጵያና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተቋቁሞ ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ አንጀኒ በጎጃም በመሳሰሉ ትንንሽ ተፋሰሶች ዝናብ፣ ፍሰትና የሚታጠበው አፈር ለዓመታት ተለክተዋል። የማይባርና የአንጀኒ ተፋሰሶች እያንዳንዳቸው 113 ሄክታር ገደማ ናቸው፤ አንድ እረኛ በግማሽ ቀን የሚዞራቸው ናቸው ማለት ነው። በነዚህ ሦስት ቦታዎች የተሰበሰበው ልኬት ተመርምሮ በ2008 የታተመው ጥናት ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የወረደው ዝናብ፣ ትነቱ ተቀንሶ፣ 500 ሚሊሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ መሬቱ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይወጣል። በማይባር የተደረገ ሌላ የሜዳ ጥናትም አፈሩ ውሃ የሚያሰርግበት ፍጥነት በአብዛኛው ከዝናቡ እንደሚበልጥ፣ ጎርፉም ከገደላማው ይልቅ ዘንበል ካለው ረጋ ያለ መሬት ይበልጥ እንደሚመነጭ አመልክቷል። በአጭሩ፣ የደጋችን ጎርፍ በአብዛኛው የሚመነጨው ከጠገበው ግርጌና አፈሩ ተራቁቶ ከሳሳው ሽንተረር ነው።

የደጋ ገበሬ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በሰኔ ዝናቡ ቢበረታም ወንዙ እንደማይሞላ፣ በነሐሴ ግን ጥቂቱ እንደሚያስሞላው ያውቃል። በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለምንድን ነው? መሬቱ ጠግቦ ሰብሉ እንዳይታፈን ትርፉን ውሃ ለማስወጣት ነው።

አሁን ወደ ሞዴላችን እንመለስ። በመካከላችን በጣም የተለመደው በአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች የተሠራውና ስዋት ተብሎ የሚጠራው ነው። ግሩም መሣሪያ ነው፤ በነፃም ይገኛል። ሆኖም በተለመደው አሠራሩ ጎርፉን የሚያሰላው ያው መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ ለአሜሪካ እርሻዎች ባዘጋጀው የጎርፍ ቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለታረሰ መሬት ከፍተኛ፣ ለግጦሽ ሣር ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል። መሬቱ ከኮረብታው ወገብ ይሁን ከግርጌው አይጠይቅም። የአፈር ካርታው የደቀቀ ካልሆነ ደግሞ ኮረብታውና ጨፌው አንድ ቀለም ተቀብተው ይገኛሉ። ስለዚህ ሞዴሉ ከብት የሚሰጥምበትን ጨፌ ደረቅ፣ ውሃ የሚጠጣውን ማሳ ጎርፍ አመንጪ አድርጎ ሲያቀርብ በወንዙ አፍ ላይ ግን ይገጥማል። የእኅታችን ጥያቄ የነካው ይህን ነበር። ይህን አይተው የአገራችንና የውጭ ተመራማሪዎች ጎርፉ ከጠገበ መሬት እንዲመነጭ አድርገው ሞዴሉን ለዓባይ ተፋሰስ አሻሽለውታል። መሣሪያው ሊታረም ይችላል ማለት ነው፤ አራሚው ግን መሬቱን ያየ ሰው መሆን አለበት።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ካለ የገበሬውን ጉልበት ያስብ። በአገራችን በየዓመቱ በበጋ ሕዝብ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ድንጋይ ይሸከማል፣ እርከን ይሠራል። እርከን አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የት ይሠራ? የሚለውን የሚወስነው ካርታ ጎርፉን ያለ ቦታው ካስቀመጠው የሕዝብ ጉልበት ያለ ቦታው ይፈሳል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በደብረ ማዊ በተደረገ ጥናት በግርጌው የሚሰፋው ቦረቦር ከላይኛው ማሳ ይልቅ በሄክታር ብዙ እጥፍ አፈር እንደሚወስድ፣ መስፋቱም ከሥር ከሚነሣው የከርሰ ምድር ውሃ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተገኝቷል። የተለመደው የአፈር መታጠብ ቀመር ደግሞ ቦረቦርን ከነጭራሹ አይቆጥርም። እንዲህ ያለውን ቀመር የያዘ ሞዴል ትልቁን ቁስል ሳያይ ትንሹን ያክማል።

ሠ) ለሚቃወሙን መልስ

«ከገጠመ ምን አጣላን?» የሚሉ አሉ። መልሳችን፣ ለዛሬ ትንበያ አያጣላንም፤ ለነገ ውሳኔ ያጣላናል የሚል ነው። ነገ መሬቱ ሲለወጥ የተሳሳተ ሂደት የያዘ ሞዴል የተሳሳተ ለውጥ ይናገራል።

«መረጃ ከሌለ ምን እናድርግ?» የሚሉም አሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ወደ ጣና ከሚፈሱት ወንዞች እንኳ ከመለኪያ ውጪ የሚገባው ውሃ ብዙ ስለሆነ የተለያዩ ጥናቶች የተለያየ ቁጥር ሰጥተውታል። ይሁን እንጂ መረጃ አለመኖሩ ለሞዴል ምክንያት ይሆናል እንጂ ለእርግጠኝነት ምክንያት አይሆንም። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ ጋር የጥቁር ዓባይን ጥናት አካሂዶ በ1964 ሲያወጣ ከሥራው አንዱ ክፍል የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎችን መትከል ነበር። በዚያን ጊዜም መለካት ከማስላት አልተነጠለም።

«የሂደት ሞዴል ጊዜው አልፏል፤ ራሱን የሚያስተምረው ኮምፒዩተር ተክቶታል» የሚለው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ድምፅ ነው። እርግጥ ነው፣ በ2024 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት ይህ አዲስ ዘዴ ባልተለኩ ወንዞች ጎርፍን አስቀድሞ በመናገር ከቆየው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ጋር ሊወዳደርና ሊበልጥም እንደሚችል አሳይቷል። ልንማረው ይገባል። ነገር ግን እርሱም የተማረው ከተለኩ ወንዞች ነው። ታይቶ ስለማያውቅ ሁኔታ ሲጠየቅ ደግሞ ያየውን ከመድገም አልፎ ለምን? ለሚለው የሚያስረዳው የለውም። ለኪ ከሌለ አዲሱም ዘዴ እንደ አሮጌው ይደኸያል።

ረ) ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በቅድሚያ ግለ ሂስ እናድርግ። ከእኛ መካከል ያጠናውን ወንዝ በዓይኑ ሳያይ የተመረቀ አለ። የመጥፎውን ዓመት ውጤት ደብቆ የጥሩውን ያቀረበ አለ። ሞዴሉ ያልገጠመው በምን ምክንያት እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ቁጥሩ እስኪታዘዘው ድረስ ያጠማዘዘም አለ። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የሁላችን ልማድ ስለሆነ መታረም ያለበት በጋራ ነው። በዚህም መሠረት የሚከተሉትን ሐሳቦች ለአባሎቻችን ውይይት እናቀርባለን።

፩. ከማስላት በፊት ማየት። ወደ አገር መሄድ የሚችል በክረምት ይሂድ፤ ውሃው የት እንደሚቋጥር በእግሩ ይከተል። መሄድ የማይችል በስልክም ቢሆን የወንዙን ለኪ፣ የልማት ሠራተኛውንና ገበሬውን ይጠይቅ፤ መልሳቸውንም እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ መረጃ ይጻፍ።

፪. ሞዴሉን ባልተማረበት መፈተን። ክሌሜሽ የተባለው ሊቅ በ1986 እንዳስገነዘበው፣ በእርጥብ ዓመታት የተስተካከለ ሞዴል በደረቅ ዓመታት ይፈተን፤ በአንድ ተፋሰስ የተስተካከለ በጎረቤቱ ይፈተን። የሚወድቀው እዚያ ከሆነ እዚያ ይውደቅ።

፫. አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልል ማቅረብ። ፍሰቱ ይህን ያህል ነው ከማለት ይልቅ ከዚህ እስከዚህ ነው ማለት ድክመት አይደለም። ግድብና ድልድይ የሚሠራው ሰው ማወቅ ያለበት ስፋቱን ነው።

፬. ከግራፉ በፊት ካርታው። በጥናት ክበባችን ሞዴል ሲቀርብ በመጀመሪያ ጎርፉ ከየት እንደሚመነጭ የሚያሳየው ካርታ ይታይ፤ አካባቢውን የሚያውቅ አባል ይጠይቅ። የወንዙ አፍ መስመር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

፭. ዕውቀቱን መመለስ። ማኅበሩ ከዚህ በፊት የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎችና የተሰበሰቡትን ልኬቶች በአንድ ቦታ ያከማች፤ አዲስ ገቢ ሁሉ ከዜሮ አይጀምር። እያንዳንዱ ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረውና ለሚመለከተው ወረዳ ይላክ። ገበሬው የሰጠንን ዕውቀት በማያነበው ቋንቋ ጽፈን በባዕድ ቤተ መጻሕፍት መቆለፍ ብድርን መካድ ነው።

፮. ለኪውን ማክበር። በየጽሑፋችን መጀመሪያ ገጽ መምህራንን እናመሰግናለን፤ የሚገባ ነው። በዝናብና በጭቃ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም። ወደ ሥራ ዓለም ስንገባ፣ ሥልጣንም ስናገኝ፣ የዚህን ሰው ደመወዝና የመለኪያ ጣቢያውን ጥገና ከኮምፒዩተር ግዢ በፊት እናስቀድም።

ውድ አንባቢያን፣ ወገኖቻችን ወደ ውጭ የላኩን መልካቸው የማይታወቅ ቁጥሮችን ይዘን እንድንመለስ አይደለም። ሞዴል ማሰቢያ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን በደንብ እንማር፤ እንሳል፤ እናሻሽል። ነገር ግን ወንዙን ሳያይ ስለ ወንዙ የሚወስን ባለሙያ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ በሌላ አገር መሬት ላይ የተሰፋ ልብስ ለራሱ አገር የሚያለብስ ሰው ነው። በጥናት ክበባችን የተነሣው ጥያቄ አሁንም መልስ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያን ካርታ የሚያቀርበው ጓዳችን፣ ጨፌው በነሐሴ ውሃ ሞልቶበት ይታይ ዘንድ እንመኛለን።

አስቀድመን እንይ! ቀጥለን እንለካ! ከዚያም እናስላ!